ከላይካ እስከ ኮስሞ፦ ጠፈር የሄዱት እንስሳትና የኮሚክ ዘመዶቻቸው

የማርቭልን ፊልሞች የሚከታተል ልጅ ቤታችሁ ካለ ኮስሞን ታውቋታላችሁ። የጠፈርተኛ ልብስ የለበሰች ውሻ ናት። በሩስያኛ ቅላፄ ትናገራለች፣ ከባድ ዕቃ በሐሳቧ ብቻ ታነሳለች፣ «መጥፎ ውሻ» ያላትን ሰው ደግሞ ቃሉን እስኪያነሳላት ድረስ ትነዘንዘዋለች። ልብሷን ልብ ብሎ ያየ ሰው የድሮዋን የሶቪየት ኅብረት ምህጻረ ቃል ያገኝበታል። ልጁ ዞር ብሎ «ይቺ ውሻ የእውነት ነበረች እንዴ?» ሲል ታዲያ ወላጅ ምን እንደሚመልስ ይጨንቀዋል። ነበረች። ስሟ ላይካ ነው። ግን አልተናገረችም፣ አልተመለሰችምም።

ይህ ጽሑፍ ከላይካ እስከ ኮስሞ ስላለው መንገድ ነው። ሳይንቲስቶቹና የኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ጸሐፊዎቹ በአንድ ዘመን የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነበር፦ ነፍስ ያለው ነገር ከምድር ሲለይ ምን ይሆናል? ሳይንቲስቶቹ እንስሳ ልከው አዩ። ጸሐፊዎቹ እንስሳውን ልከው፣ ኃይል ሰጥተው መለሱት። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በዝንብ ነው። ሙዝ ወጥ ቤት ሲሰነብት ከየት መጡ ሳይባል የሚያንዣብቡትን ጥቃቅን ዝንቦች አስቧቸው። ፌብሯሪ 20 ቀን 1947 አሜሪካኖች ከጀርመን በማረኩት ቪ-2 ሮኬት እነዚህን ዝንቦች ጭነው ከኒው ሜክሲኮ በረሃ አስወነጨፏቸው። 109 ኪሎ ሜትር ወጥተው በፓራሹት ወረዱ፤ ሲከፈት ዝንቦቹ በሕይወት አሉ። ለምን ዝንብ ተመረጠ ቢባል ምክንያት አለው። ኸርማን ሙለር የተባለ ሳይንቲስት በ1927 እነዚህኑ ዝንቦች በኤክስሬይ መትቶ፣ ልጆቻቸው ተለውጠው እንደሚወለዱ አሳይቷል፤ በ1946ም የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ስለዚህ «ጠፈር ላይ ያለው ጨረር ምን ያደርጋል?» ሲባል መጀመሪያ ትዝ ያለችው ዝንቧ ናት። ይህን ጉዳይ ያዙት፤ የኮሚኩ ዓለም ግማሹ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

ጨረሩ አንዱ ፍርሃት ነበር። ሁለተኛው ፍርሃት ግፊት ነው። ሚኒባስ ድንገት ሲፈተለክ ወንበሩ ላይ የሚለጥፋችሁን ጉልበት ታውቁታላችሁ፤ ሮኬት ላይ ያ ጉልበት ብዙ እጥፍ ነው። የሚለካውም «ጂ» በሚሉት መለኪያ ነው። አንድ ጂ ማለት አሁን በተቀመጣችሁበት የሚሰማችሁ የራሳችሁ ክብደት ነው። አምስት ጂ ላይ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው የ300 ኪሎ ያህል ይከብደዋል፣ ደም ወደ ጭንቅላት መውጣት ይቸግረዋል።

ሦስተኛው ክብደት አልባነት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጠፈር ላይ ስበት ያለቀ ይመስለናል። አላለቀም። የላይካ መንኮራኩር ለምድር በጣም በሚቀርብበት በ212 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የምድር ስበት መሬት ላይ ካለው ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ ነው። ታዲያ ለምን ይንሳፈፋሉ? እየወደቁ ስለሆነ ነው። መንኮራኩሩም፣ ውስጡ ያለውም ሁሉ አብሮ ይወድቃል፤ ግን ወደ ጎን የሚከንፉበት ፍጥነት እጅግ ትልቅ ስለሆነ ምድር ከሥራቸው እየጎበጠች ትሸሻለች። ይወድቃሉ፣ መሬት ግን አያገኙም። ሚኒባሱ ጉብታ ዘሎ ሲወርድ ሆዳችሁ ቀለል የምትልበትን ቅጽበት አስቡና ለቀናት አርዝሟት። በ1950ዎቹ ሐኪሞች እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ልብ በሥርዓቱ ይመታ እንደሆነ፣ ምግብስ በጉሮሮ ይወርድ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበሩም። ዛሬ ያስቃል፤ ያኔ ግን ሞክሮ ያየ ሰው አልነበረም።

አሜሪካኖች ከዝንብ ወደ ጦጣ ተሻገሩ። በጁን 1948 አልበርት የተባለ ሬሰስ ጦጣ በቪ-2 ተላከ፤ ሮኬቱ ጠፈር አልደረሰም፣ ጦጣውም ሞተ። በዓመቱ ጁን 14 ቀን 1949 ሁለተኛው አልበርት 134 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ጠፈር የረገጠ የመጀመሪያው የጦጣ ዘር ሆነ፤ ሲመለስ ፓራሹቱ ከዳው። ተከታዮቹም አልበርት ነው የተባሉት። አንዱ ሲሞት ስሙን ለሚቀጥለው ማውረሱ ለእኔ ከአደጋው ይልቅ የሚከብድ ነገር ነው።

ሶቪየቶች በበኩላቸው ውሻ መረጡ። በውሾች ላይ ባደረገው ምርምር የታወቀው የፓቭሎቭ አገር ነው፤ ስለ ውሻ አካል ያላቸው እውቀት የቆየ ነበር። የሚፈልጉት ደግሞ የሞስኮ ጎዳና ላይ ያደገ፣ ብርድና ረሀብ የለመደ ውሻ ነው። ከ6 እስከ 7 ኪሎ የሚመዝን፣ ካሜራ ላይ እንዲታይ ነጣ ያለ፣ ሴት። ሴት የተመረጠችበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ለሽንት እግሯን ማንሳት ስለማትፈልግ ጠባብ ቦታ ላይ ቆሻሻ መያዣውን መግጠም ይመቻል። ጁላይ 22 ቀን 1951 ዴዚክና ጺጋን የተባሉ ሁለት ውሾች ጎን ለጎን ታስረው ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥተው በሰላም ተመለሱ። በሳምንቱ ዴዚክን ይዞ የወጣው ሁለተኛ ጉዞ አደጋ ደረሰበት፤ ከሱ የተረፈ የለም። ከዚያ በኋላ የጺጋን መኖሪያ የአንድ ትልቅ ሳይንቲስት ቤት ሆነ።

አሁን ላይካ።

የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ አንድ ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሲመጥቅ ዓለም ተንጫጫ። የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼፍ ደስ አለውና ለአብዮቱ 40ኛ ዓመት በዓል ሌላ ተአምር ፈለገ። በዓሉ ኖቬምበር 7 ነው። መሐንዲሶቹ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ 508 ኪሎ የሚመዝን ስፑትኒክ ሁለትን ሠሩ። ያን ጊዜ ዕቃን ወደ ምሕዋር ማውጣት ይቻላል፣ ከምሕዋር በደኅና ማውረድ ግን ገና አልተቻለም። ስለዚህ ውሻዋ እንደማትመለስ ከመጀመሪያውም ይታወቅ ነበር፤ የተደበቀ ስሌት አልነበረም። ከቡድኑ ኃላፊዎች አንዱ ዶክተር ቭላዲሚር ያዝዶቭስኪ ከጉዞው በፊት ላይካን ወደ ቤቱ ወስዶ ከልጆቹ ጋር አጫወታት። ትንሽ ጊዜ የቀራት ውሻ ናትና አንድ ደግ ነገር ላድርግላት ብሎ እንደሆነ በኋላ ጽፏል።

ያለችበትን ክፍል በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። መቆምም መተኛትም ትችላለች፣ መዞር ግን አትችልም፤ ሰንሰለቱ አያዞራትም። ምግቧ እንዳይንሳፈፍ እንደ ጄሊ ረግቶ የተሰናዳ ነው። ሙቀቱ ከፍ ሲል በራሱ የሚነሳ ማራገቢያ አለ። ሰውነቷ ላይ የተለጠፉት መለኪያዎች የልቧን ምት ወደ መሬት ይልካሉ። ኖቬምበር 3 ሮኬቱ ሲነሳ በደቂቃ 103 ጊዜ ይመታ የነበረው ልቧ 240 ደረሰ። ምሕዋር ከገባች በኋላ ምቱ ረገብ ማለት ጀመረ፤ ግን መሬት ላይ በተደረጉት ልምምዶች ከፈጀበት ጊዜ ሦስት እጥፍ ወሰደበት። የዚያን ዘመን ትልቁ ጥያቄ እዚህ ላይ ተመለሰ፦ በምሕዋር ላይ ነፍስ መኖር ትችላለች። የሙቀት መቆጣጠሪያው ግን አልቻለም። ክፍሉ 40 ዲግሪ አካባቢ ደረሰ። ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከላይካ የሚመጣው ምልክት ቆመ።

ለሕዝብ የተነገረው ሌላ ነበር። ለቀናት እንደኖረች፣ ያለ ሥቃይ እንዳረፈች ተወራ። እውነቱ በይፋ የተነገረው በ2002 አንድ ሩስያዊ ሳይንቲስት ሂዩስተን በተካሄደ የጠፈር ጉባኤ ላይ ጥናቱን ሲያቀርብ ነው። መንኮራኩሩ ሬሳዋን ይዞ ምድርን 2,570 ጊዜ ዞረና በኤፕሪል 1958 አየር ላይ ተቃጠለ። የአሜሪካ ጋዜጦች የመንደር ውሻን ከሚጠሩበት ቃል ጋር ስፑትኒክን አዳቅለው «ሙትኒክ» ብለው ሲያሾፉባት ነበር። በእንግሊዝኛ ቀልድ ነው። አማርኛ የሚሰማ ጆሮ ግን ቃሉን ሌላ አድርጎ ይሰማዋል፣ ከሁሉም ቀድሞ እውነቱን የተናገረውም እሱ ነው ያሰኛል። ከውሾቹ ጋር የሠራው ኦሌግ ጋዜንኮ ከአርባ ዓመት በኋላ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል፤ ከጉዞው የተገኘው እውቀት ለውሻዋ ሞት የሚበቃ አልነበረም አለ።

እንግዲህ ወደ ኮሚኩ እንሂድ። አስገራሚው ነገር ኮሚኩ ከላይካ መቅደሙ ነው። በማርች 1955 ዲሲ የተባለው የኮሚክ አሳታሚ ባወጣው መጽሔት ላይ ክሪፕቶ የተባለ ነጭ ውሻ ታየ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ የሱፐርማን አባት ጆር-ኤል ፕላኔታቸው ልትፈነዳ መሆኑን ያውቃል። ሕፃን ልጁን በሮኬት ከመላኩ በፊት ሮኬቱ መሥራት አለመሥራቱን ማረጋገጥ አለበት። ምን ያድርግ? የቤቱን ውሻ ለሙከራ ላከ። ሮኬቱ መንገድ ስቶ ለዓመታት በጠፈር ሲንከራተት ቆይቶ ምድር ላይ ወደቀ፤ ክሪፕቶም ጎረምሳ የሆነውን ጌታውን አገኘው። ኮሚኩ ላይ ጅራቱን እየቆላ፣ ካባ ለብሶ ይበራል። ላይካ ከመምጠቋ ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በላይ አስቀድሞ አንድ ጸሐፊ «ሰው ከመላክህ በፊት ውሻ ትልካለህ» የሚለውን ሐሳብ እንደ ተራ ነገር ጽፎታል። ነቢይ ስለነበረ አይደለም፤ አሜሪካኖች በዚያን ጊዜ ጦጣና አይጥ መላክ ከጀመሩ ቆይተዋል። ልዩነቱ ያለው ከጉዞው በኋላ በሚሆነው ላይ ነው። ጆር-ኤልም እንደ ያዝዶቭስኪ ልጅ ያለው ሳይንቲስት ነው። የሱ ውሻ ግን ዞሮ ወደ ልጁ ይመጣል።

ጸሐፊው ኦቶ ባይንደር ይባላል። ስሙን ያዙት፤ ደጋግሞ ይመጣል። ስለ ጠፈር ከልቡ የሚያነብ ሰው ነበር፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስለ ጠፈር ጉዞ የሚዘግብ መጽሔትም አዘጋጅቷል። በፌብሯሪ 1959 ከአርቲስቱ ዌይን ቦሪንግ ጋር ቲታኖን ፈጠረ። ቶቶ የተባለ ብልህ ቺምፓንዚ በሳተላይት ይላካል። እዚያ አንዱ ዩራኒየም ሌላው ክሪፕቶናይት (በኮሚኩ ሱፐርማንን የሚያዳክመው ማዕድን) የሆኑ ሁለት ተወርዋሪ ድንጋዮች ይጋጩና ጨረራቸው ያገኘዋል። ምድር ሲመለስ ፎቅ አክሎ ያድጋል፤ ከዓይኑ የሚወጣው ጨረር ደግሞ ሱፐርማንን ያዳክመዋል። ሱፐርማን መግደል አልወደደም፤ ወደ ጥንቱ የዳይኖሰር ዘመን ወረወረው። እውነተኛው ቺምፓንዚ ጠፈር የሄደው ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የዚያው ዓመት ሜይ 28 ሁለት ጦጣዎች፣ ኤብልና ቤከር፣ ጁፒተር በተባለ ሮኬት ወጥተው ከ16 ደቂቃ ገደማ ጉዞ በኋላ ሁለቱም በሕይወት ተመለሱ። አሜሪካ በደስታ ሰከረች፤ የመጽሔት ሽፋን ሆኑ። ኤብል በቀናት ውስጥ ሰውነቷ ላይ የተቀበረውን ኤሌክትሮድ ለማውጣት በተደረገ ቀዶ ሕክምና ሞተች። ቤከር ግን መዳፍ የምታክል ትንሽ ጦጣ ሆና እስከ 1984 ኖረች። አላባማ ሃንትስቪል ውስጥ ያለው መቃብሯ ላይ ዛሬም ሰዎች ሙዝ ያስቀምጣሉ። ከጉዞው አምስት ወር በኋላ፣ በኦክቶበር 1959 መጽሔት ላይ ባይንደር ቤፖን አመጣ። ቤፖ የጆር-ኤል ቤተ ሙከራ ጦጣ ነው፤ ሕፃኑ በተላከበት ሮኬት ውስጥ ተደብቆ ያመልጣል። ልብ በሉ፣ ማንም አልላከውም። ከሙከራ ቤት ራሱ ሾልኮ ነው የሄደው። የእኛ ተረት ጦጣ ብትሰማ የምትኮራበት ብልጠት ነው።

አሁን የጨረሩን ጉዳይ እናንሳ። ኮሚክ ላይ ጨረር ኃይል ይሰጣል። እንስሳው ይገዝፋል፣ ያወራል፣ ይበራል። እውነተኛው ጨረር ምን ያደርጋል? እያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ የሚነግር ረጅም ጽሑፍ አለ። ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ እንደሚያደርገው፣ ሕዋስ ሲባዛ ይህ ጽሑፍ ፊደል በፊደል ይገለበጣል። ጨረር ማለት በዚያ ብራና ላይ ድንገት የሚንጠባጠብ ቀለም ነው። ብዙውን ጊዜ ጠብታው ባዶ ቦታ ላይ ያርፋል ወይም ጸሐፊው ፍቆ ያርመዋል። አንዳንዴ ቃል ያበላሻል። ብርቅ ሆኖ የተበላሸው ቃል ሌላ ትርጉም ያለው ቃል ይወጣዋል። አንድ የቀለም ጠብታ አዲስ መዝሙር ጽፎ ግን አያውቅም። ደግሞም ጨረሩ ሁሉንም ሕዋስ በአንድ ዓይነት መንገድ አይለውጥም፤ ይህኛውን እዚህ፣ ያኛውን እዚያ ይነካል። ስለዚህ የተመታው እንስሳ በሽታ ይይዘው ይሆናል እንጂ ቲታኖ አይሆንም። የሙለር ዝንቦችም ቢሆኑ ተለውጠው የታዩት ልጆቻቸው ናቸው እንጂ የተመቱት ራሳቸው አይደሉም። ኮሚኩ ለውጡ ትውልድ እስኪጠብቅ ትዕግሥት አልነበረውም፤ ገጹ ያልቅበታል።

በዚህ ሁሉ ጸሐፊዎቹን መውቀስ ግን ይከብደኛል። በ1958 የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ሳተላይት ምድርን የከበበ የጨረር ቀበቶ እንዳለ አገኘች። ከምድር ወጣ ሲባል ጨረር እንደ ግንብ ቆሞ መጠበቁ ዜና ነበር። በ1961 ማርቭል አራት ሰዎችን በሮኬት አውጥቶ በዚሁ የጠፈር ጨረር ሲያስመታቸው ያልተለመደ ነገር መጻፉ አልነበረም፤ ጋዜጣውን ነው ያስከተለው።

የእውነተኛው ቺምፓንዚ ታሪክ ከቲታኖ ይልቅ ልብ ይነካል። የተወለደው በ1957 ገደማ ካሜሩን ውስጥ ነው። ተይዞ ፍሎሪዳ ገባ፣ ከዚያ የአሜሪካ አየር ኃይል ገዝቶት ኒው ሜክሲኮ ሆሎማን ጣቢያ ወሰደው። ስም አልነበረውም ቢባል ይቀላል፤ በወረቀት ላይ ቁጥር 65 ነው። ስም ያለው እንስሳ ከሞተ ሕዝብ ያዝናል ብለው ነው። ሃም የተባለው ከተመለሰ በኋላ ነው፤ እሱም ያሠለጠነው ቤተ ሙከራ የእንግሊዝኛ ስም ምህጻር ነው።

ሥልጠናው እንዲህ ነበር። ፊቱ መብራትና ማንሻ አለ። ሰማያዊው መብራት ሲበራ በ5 ሰከንድ ውስጥ ማንሻውን መሳብ አለበት። ከሳበ የሙዝ ጣዕም ያላት እንክብል ይወርድለታል። ካረፈደ እግሩ መዳፍ ላይ ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። ውሾቹ ላይ የተለካው ሰውነት ብቻ ነበር፤ ሃም ላይ የሚለካው ጠፈር ላይ ሥራ መሥራት ይቻል እንደሆነ ነው። አሜሪካኖች ቺምፓንዚ የመረጡት ለዚህ ነው፤ እጅ አለው።

ጃንዋሪ 31 ቀን 1961 ከኬፕ ካናቬራል ተነሳ። የሮኬቱ አንድ ቫልቭ ከሚገባው በላይ ነዳጅ ለቀቀና ካፕሱሉ ከታሰበው በላይ ከነፈ። 185 ኪሎ ሜትር ይወጣል የተባለው 253 ወጣ። ካፕሱሉ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ወረደ፤ የዳነው የራሱ መቀመጫ ለብቻው ታሽጎ ስለነበር ነው። ሲመለስ ወደ 15 ጂ ተጫነው። 17 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ ለአፍታ ሁለት ኩንታል ተኩል ሆነ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሃም መብራቱን እያየ ማንሻውን ይስባል። መሬት ላይ ከነበረው የዘገየው የሰከንድ ክፋይ ብቻ ነው። ከታሰበው ቦታ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ አልፎ አትላንቲክ ላይ ወደቀ፣ ካፕሱሉ ውኃ እያስገባ ቆየ። ሄሊኮፕተር አንሥቶ መርከብ ላይ ሲያደርሰው ፖም ሰጡት፣ በላ።

የዚያን ቀን ፎቶው ላይ ጥርሱን ገልጦ ይታያል። ጋዜጦቹ ሳቀ አሉ። የቺምፓንዚ ጠባይ የሚያውቅ ሰው እንዲያ ጥርስ የሚገለጠው በድንጋጤ መሆኑን ያውቃል። በኋላ ለፎቶ ወደ ካፕሱሉ ሊያስጠጉት ሲሞክሩ አሻፈረኝ ብሏል፤ ከዚህ የበለጠ ቃለ መጠይቅ አያስፈልግም።

ያ ቫልቭ ያስከተለው ነገር ከሃም አልፏል። የሮኬት መሐንዲሱ ቬርነር ፎን ብራውን ሮኬቱ ታርሞ ያለ ሰው አንዴ ይሞከር ብሎ ጸና። ሙከራው ማርች 24 ተካሄደ፣ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ጠፈርተኛ የአላን ሼፐርድ ጉዞ ወደ ሜይ 5 ተገፋ፣ በመካከሉ ኤፕሪል 12 ሶቪየታዊው ጋጋሪን ከሰው ሁሉ ቀድሞ ጠፈር ወጣ። በሶቪየቶቹም በኩል እንዲሁ የእንስሳ እጅ አለበት። በኦገስት 1960 ቤልካና ስትሬልካ የተባሉ ውሾች ከአንድ ቀን በላይ ምድርን ዞረው በሕይወት ሲመለሱ፣ ቤልካ አራተኛው ዙር ላይ ተረብሻ አስታውካ ነበር። ሐኪሞቹ ይህን አይተው የመጀመሪያው ሰው አንድ ዙር ብቻ ይዙር አሉ። ጋጋሪን አንድ ዙር ዞሮ የወረደው ለዚህ ነው። ስትሬልካ ከዚያ ስድስት ቡችሎች ወለደች፤ አንዷ ፑሺንካ በ1961 ለኬኔዲ ቤተሰብ በስጦታ ተላከች።

ሃም ዋሽንግተን መካነ አራዊት ውስጥ 17 ዓመት ኖሮ፣ ወደ ሰሜን ካሮላይና ተዛውሮ፣ በ1983 ሞተ። ሌላው የካሜሩን ቺምፓንዚ ኢኖስ በኖቬምበር 1961 ምድርን ሁለቴ ዞሯል። መሣሪያው ተበላሽቶበት ትክክለኛውን ማንሻ ሲስብም ይነዝረው ነበር፤ እሱ ግን የተማረውን ሥራ አላቆመም። በዓመቱ በተቅማጥ በሽታ ሞተ።

በኤፕሪል 1963 ማርቭል አንድ አስቂኝ ነገር አሳተመ። ኢቫን ክራጎፍ የተባለ ሶቪየታዊ ሳይንቲስት አንድ ጎሪላ፣ አንድ ዝንጀሮና አንድ ኦራንጉታን ይዞ ወደ ጨረቃ ይሄዳል፤ ሆን ብሎ ለጠፈር ጨረር አጋልጦ ባለ ኃይል ሊያደርጋቸው። እውነቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ቺምፓንዚ ነዝረው አሠልጥነው የላኩት አሜሪካኖቹ ናቸው፤ ሶቪየቶቹ ውሻ ነው የላኩት። ጸሐፊው ስታን ሊና አርቲስቱ ጃክ ኪርቢ የራሳቸውን አገር ቤተ ሙከራ አንሥተው ለጠላት ሰጡት ቢባል ያስኬዳል። በታሪኩ መጨረሻ እንስሳቱ ያስራባቸው በነበረው ጌታቸው ላይ ይዞራሉ። እውነተኛዎቹ ያን ዕድል አላገኙም።

ፈረንሳዮችም ድመት ልከዋል። ፌሊሴት ትባላለች፤ ኦክቶበር 18 ቀን 1963 ከአልጄሪያ በረሃ ሐማጊር ነው የመጠቀችው። አልጄሪያ ነፃ ከወጣች ዓመት ቢያልፍም ፈረንሳይ በስምምነቱ መሠረት ጣቢያውን ትጠቀም ነበር። ለ13 ደቂቃ ያህል ተጉዛ በደኅና ወረደች። ከሁለት ወር በኋላ አንጎሏን ለመመርመር ገደሏት። ሐውልት የቆመላት በ2019 ነው፣ ስትራስቡርግ ውስጥ።

ወደ ኮስሞ እንመለስ። ኮሚክ ላይ የመጣው በ2008 ሲሆን የፈጠሩት ዳን አብኔት፣ አንዲ ላኒንግና አርቲስቱ ዌሊንተን አልቬስ ናቸው። ሶቪየቶች ለሙከራ የላኩት ውሻ ነው፤ ከምሕዋር ወጥቶ በጠፈር ሲንሳፈፍ ቆይቶ፣ ከሞተ ግዙፍ ፍጡር ራስ ቅል የተሠራች ከተማ ይደርሳል። እዚያ የጥበቃ አዛዥ ይሆናል። የጎዳና ውሻ የነበረ አሁን ለማን በር እንደሚከፈት የሚወስነው እሱ ነው። «ይሆናል»፣ «እሱ» እያልኩ መሆኔን አስተውላችሁ ይሆናል። ኮሚኩ ላይ ወንድ ነው። በ2022 ፊልሙ ላይ ሲናገር ግን ሴት ሆነ፣ ድምፁንም ማሪያ ባካሎቫ ሰጠችው። በእንግሊዝኛ ይህ ለውጥ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። አማርኛ ግን ገና የመጀመሪያው ግሥ ላይ ወንድ ወይ ሴት ብሎ ይጠይቃችኋል። ላይካ ሴት ነበረች፤ ፊልሙ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተጠግቷል።

ከሰው በፊት እንስሳ ስለመላኩ እስካሁን ያወራነው ከእውነቱ ወደ ኮሚኩ የሄደውን ነው። የተገላቢጦሹም አለ። በጃንዋሪ 1967 አፖሎ አንድ መሬት ላይ እያለ ተቃጥሎ ሦስት ጠፈርተኞች ሞቱ። ናሳ ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ሁሉ ለጥንቃቄ እንዲተጋ የሚያስታውስ ምልክት ፈለገና የቻርልስ ሹልዝን የጋዜጣ ኮሚክ ውሻ ስኑፒን መረጠ። ከ1968 ጀምሮ ጠፈርተኞች ለጥሩ ሠራተኛ የሚሰጡት ትንሽ የብር ዓርማ የጠፈር ልብስ የለበሰ ስኑፒ ነው። በሜይ 1969 ደግሞ አፖሎ 10 ለጨረቃ ማረፊያው ልምምድ ሲሄድ ዋናው መንኮራኩር «ቻርሊ ብራውን»፣ ወደ ጨረቃ የሚወርደው «ስኑፒ» ተባሉ። ስታፎርድና ሰርናን በስኑፒ ወርደው ከጨረቃ ገጽ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ሳያርፉ ተመለሱ። ሁለቱ ወደ ዋናው መንኮራኩር ከተሻገሩ በኋላ የስኑፒ ሞተር ነዳጁ እስኪያልቅ እንዲነድድ ተደርጎ ተለቀቀ። ከጨረቃም ከምድርም ስበት አምልጦ በፀሐይ ዙሪያ ምሕዋር ገባ። እዚያው ነው፤ ሰው አልባ፣ ባለ ውሻ ስም፣ ሲዞር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል።